ናይት አድሮ ክላስ፦ ዲግሪ ልማር ለምትል የድሬ ነርስ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ሲስተር። ድሬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ነው የምሠራው። 34 ዓመቴ ነው። በሌቨል 4 (በዲፕሎማ) ተመርቄ፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) አልፌ ሥራ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። ካኑላ (የደም ሥር መርፌ) ማስገባት ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በዲግሪያቸው አለቆቼ ሆነዋል። ልማር ብዬ ስነሳ ባለቤቴ ‹ልጆቹስ?› ይለኛል። አንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ ያስተምራል። ሌሎች ደግሞ ጤና ቢሮው ስፖንሰር እስኪያደርግሽ ጠብቂ ይሉኛል። ሒሳብ ከተውኩ ቆየሁ፤ እንግሊዝኛዬም ዝጓል። የመውጫ ፈተናው ያስፈራኛል። ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?»

አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ለድሬ ሰው «እርስዎ» ብዬ ብጀምር ራስሽ ትስቂብኛለሽ። እኔ አሁን ሐረር ነርሶችን አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን በዲፕሎማዬ 11 ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዲግሪዬን የያዝኩትም ሥራ ሳልለቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ድሬ እየወረድኩ ነው። የምነግርሽ ግማሹ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ግማሹ ከራሴ ስሕተት።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ጀምሪ። ግን ነገ ሄደሽ አትመዝገቢ። ከመመዝገብሽ በፊት ማለቅ ያለባቸው ጥቂት ጉዳዮች አሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። ያ የምትኮሪበት የ9 ዓመት ልምድ ፈተና ላይ ሊጥልሽ ይችላል። እሱ ላይ ነው ረዘም የምለው።

በመጀመሪያ ግን «አለቆቼ ሆኑ» ስላልሽው። እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። የእኔንም ፐርፎርማንስ (የሥራ አፈጻጸም ውጤት) የሞላው ደም ሥር ሲጠፋው እኔን ይጠራ የነበረ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ዲግሪ ስለያዝሽ በማግሥቱ ደረጃሽ አይቀየርም። ክፍት መደብ መኖር አለበት። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደሪያለሽ። ዲግሪያቸውን ፋይል ውስጥ አስገብተው በዲፕሎማ ደመወዝ ዓመት ሁለት ዓመት የሠሩ ባልደረቦች አሉኝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱን ሰምተሽ ይሆናል። እሱ የጀማሪ ቁጥር ነው። አንቺ የ9 ዓመት እርከን አለሽ። ስለዚህ ልዩነቱን ዛሬ ከምታገኚው ላይ ቁጠሪ። ሰው ኃይል አስተዳደር ግቢና «በዲግሪ ተወዳድሬ ባልፍ የት ደረጃ ላይ ነው የማርፈው?» ብለሽ ጠይቂ። ደስ የማይል መልስ ሊሆን ይችላል። አሁን ብትሰሚው ይሻላል።

ወጪውን ስታሰዪም የትምህርት ክፍያውን ብቻ አትደምሪ። ትልቁ ወጪ ስትማሪ የሚቀርብሽ የትርፍ ሰዓት ዲዩቲ ነው። ቅዳሜና እሑድ ክላስ ከገባሽ የበዓልና የዊኬንድ ዲዩቲ ክፍያ አብሮ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳልቆጥር ነው የገባሁት። በሁለተኛው ወር ነው የገባኝ።

ታዲያ ምን አተርፋለሁ ካልሽ፣ የእኔን ልንገርሽ። ለዓመታት ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የልብ ምት እቆጥር ነበር። ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ይዤ ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ሕጉ ነው፤ ለምን ብዬ አላውቅም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህራችን ላሲክስ የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ፖታሲየምን ከሰውነት አጥቦ እንደሚያወጣ፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ያው የለመድነው የዲጎክሲን መጠን መርዝ እንደሚሆን ሲያስረዳ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሁለቱንም መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አዛውንት ነበሩን። «ምግብ አስጠላኝ፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል» ሲሉን ለዓይን ክሊኒክ ልከናቸዋል። አሁንም ድረስ ትዝ ይሉኛል።

እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ የምለው። ሊንዳ አይከን የምትባል አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች አይተው ነበር። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለበት ሆስፒታል፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ አገኙት። እዚህ ላይ ቀዝቀዝ በይ። ሁለት ነገር አብሮ ሄደ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች የሚቀጥር ሆስፒታል በሌላውም ነገር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ማየት ራሱ ሪሰርች የሚባለው ኮርስ ላይ የምትማሪው ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ መሀል ላይ ላስገባ። «ነርሲንግ ከባድ ነው፣ ማኔጅመንት ተማሪና ጨርሺ» የሚሉሽ አይጠፉም። ማኔጅመንት መጥፎ አይደለም። ግን የነርስነት ፈቃድሽን አያሳድገውም። ሥራ መቀየር ካልፈለግሽ በቀር በሙያሽ ተማሪ። በሙያሽም ቢሆን ዲግሪውን ከያዝሽ በኋላ የሙያ ፈቃድሽን ማሳደግ አትርሺ። ፈቃድሽ ላይ ዲፕሎማ እስከተጻፈ ድረስ የምትሠሪው በዲፕሎማ ነው።

አሁን ወደ ኮሌጁ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ገንዘብ የተበላው።

የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም። ለዚያ ካምፓስና ለዚያ ፕሮግራም ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ኮሌጅ ዋናው ግቢ በነርሲንግ ፈቃድ ነበረው። ግድግዳው ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ማኅተሙ ያምራል። ቅርንጫፉ ግን ፈቃድ የነበረው በሌላ ትምህርት ነው። ያወቅነው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። የከፈልኩት የአንድ ሴሚስተር ገንዘብ እዚያው ቀረ። የእቁብ ገንዘብ ነበር፣ ያውም የመጀመሪያው ዕጣ ወጥቶልኝ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት። ስለዚህ የተሰቀለውን ወረቀት ስታዪ የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ። «ቢኤስሲ ነርሲንግ» ይላል? ድሬዳዋ ይላል? ቀኑ አላለፈም? ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቂ። ሪጅስትራሯ «እድሳት ላይ ነው» ካለችሽ ፈገግ በይላትና እድሳቱ ሲያልቅ ተመለሺ።

የመግቢያ መስፈርቱንም እንዲሁ። ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የሚሻገሩ ሰዎች መስፈርት በየጊዜው ይሻሻላል። የባለፈው ዓመት ተማሪ የነገረችሽ ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ኮሌጁ የዘንድሮውን መመሪያ በወረቀት ያሳይሽ። ሲኦሲሽ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ፣ የሥራ ልምድሽ ኦርጅናሉ በእጅሽ ይሁን። በዲፕሎማ የወሰድሻቸው ኮርሶች ስንቶቹ እንደሚያዙልሽ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ተጽፎ ይሰጥሽ። በአፍ «እናያለን» የተባለ ኮርስ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይከፈልበታል።

የቢሮው ስፖንሰር ይሻላል ወይ? ዕድሉ ከመጣ አዎ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚወዳደር ብዙ የለም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ያለው እዚሁ ሐረር ከተማ ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ማስተማሪያው ነው፤ የማታዪው ኬዝ የለም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ድል ጮራ ሆስፒታልን ይዞ እዚያው ደጅሽ ላይ አለ። ችግሩ ጥበቃው ነው። ለውድድር የሚላከው ሰው ጥቂት ነው፣ ተራ ጠባቂው ብዙ። የእኔ ምክር፦ ለስፖንሰሩ ዘንድሮ ተመዝገቢ፣ ፐርፎርማንስሽንም ጠብቂ። በሚቀጥለው ዓመትም ካልደረሰሽ የግሉን ግቢ። «ይደርሰኛል» እያለች 43 ዓመት የሞላት ባልደረባ አለችኝ። ስፖንሰር ከደረሰሽ ደግሞ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ብታቋርጪ ስንት እንደምትመልሺ አንብቢ። ዋስ የሚሆንሽም ሰው ያንብበው። በኋላ ዘመድ ከዘመድ የሚያቀያይመው እሱ ነው።

በግል ብትማሪም ለመሥሪያ ቤትሽ አሳውቂ። በጽሑፍ። ሜትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ጓደኛሽ ብትሆንም በጽሑፍ። ሜትረን ይቀየራል፤ ፋይል ውስጥ ያለ ደብዳቤ ግን ይቆያል። የክሊኒካል አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ጊዜ ሲመጣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ አይበቃም፣ የሥራ ቀን ያስፈልግሻል። ያን ጊዜ ነው ደብዳቤው የሚያስፈልገው። «በርቀት ተማሪ» የሚልሽ ካለ ግን አትስሚው። ነርሲንግ ታካሚ ሳይነኩ የሚማሩት ነገር አይደለም።

አሁን ወደዋናው።

የመውጫ ፈተና ያስፈራኛል ብለሻል። መፍራትሽ ልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ አለፉ። ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ያህሉ ብቻ። ማለፊያው 50 ነው። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፣ የነርሲንግ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ለግል ኮሌጅ ተማሪ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ኮሌጁ ያሳልፈኛል ብሎ መተኛት የለም። ያለ መውጫ ፈተና ዲግሪ የለም።

በማስተምርበት ክፍል ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ልምድ የሌላቸው የ20 ዓመት ልጆች የሚመልሱትን ጥያቄ፣ የ10 ዓመት ነርሶች ይስቱታል። ሰነፍ ሆነው አይደለም። በጣም ስለሚያውቁት ነው። ይኸውልሽ አንድ ጥያቄ፦

አንዲት እናት ከወለደች 1 ሰዓት ሆኗታል። ፓዷ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በደም ራሰ። ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታድርግ? ሀ. ሐኪም መጥራት። ለ. ማሕፀኗን ዳስሶ ማሸት። ሐ. ሁለተኛ አይቪ (የደም ሥር መስመር) መክፈት። መ. ለደም ክሮስማች (የሚስማማ ደም ለመፈለግ) ናሙና መውሰድ።

አንቺ ምን አልሽ? ከክፍሌ ግማሹ «ሀ» አለኝ። ኢመርጀንሲ የምትሠራ አንዷ «ሐ» አለች። «ሲስተር፣ እኛ ጋ መጀመሪያ መስመር ነው የሚከፈተው፤ ደም ሥሯ ከጠፋ በኋላ ማን ያገኘዋል?» ብላ ተከራከረችኝ። እውነቷን ነው። እውነተኛው ዋርድ ውስጥ አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ መስመር ትከፍታለች፣ አንዷ ታሻለች፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያሉሽም ሁለት እጆች። ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ደም መፍሰስ ዋናው ምክንያት ማሕፀን አለመኮማተሩ ስለሆነ እጅሽ መጀመሪያ ማሕፀኑ ላይ ነው። መልሱ «ለ» ነው። ማሕፀኑ ለስልሶ ወደ ጎን ከተገፋ ደግሞ ፊኛዋ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህንንም አንቺ በእጅሽ ታውቂዋለሽ፤ በቃላት ተናግረሽው ግን አታውቂም።

ይሄ ነው ነገሩ። ፈተናው የሚጠይቀው መጽሐፉ ምን እንደሚል ነው፣ ዋርድሽ እንዴት እንደሚሠራ አይደለም። ዋርድ ውስጥ ጓንት ያልቃል፣ ሞኒተር አንድ ብቻ ነው፣ ለ30 ታካሚ ሁለት ነርስ ነው። እኛ በዚያ መሀል መንገድ እናበጃለን። የምናበጀው መንገድ ቀስ በቀስ ሕግ ይመስለናል። ለምሳሌ ግሉኮስ ስትሰቅዪ ጠብታ ትቆጥሪያለሽ? ካልዋሸሽኝ በዓይን ነው የምታስተካክዪው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ ሴቱ (የሚያንጠባጥበው ቱቦ) በ1 ሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 1,000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480 ደቂቃ። በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ዓይንሽ እዚያው አካባቢ ነው የሚያደርስሽ። ፈተናው ግን 38ን እና 42ን ጎን ለጎን ያስቀምጥልሻል።

እኔ ያዳነኝ አንድ ደብተር ነው። ግራ ገጹ ላይ «እኛ የምንሠራው»፣ ቀኝ ገጹ ላይ «መጽሐፉ የሚለው» እያልኩ እጽፍ ነበር። ሥር ላይ ደግሞ ለምን እንደተለያዩ አንድ መስመር። አንዳንዴ ምክንያቱ የዕቃ እጥረት ነው። አንዳንዴ መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው። ብዙ ጊዜ ግን፣ ማመን ያሳፍራል እንጂ፣ እኛ ነን የተሳሳትነው። ከአንድ ዲዩቲ አንድ ገጽ ይበቃል። በሳምንት አራት ዲዩቲ ብትገቢ አራት ገጽ ነው። እስክትጨርሺ የራስሽ የፈተና መጽሐፍ ይኖርሻል፣ ያውም የማይረሳሽ፤ እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ታካሚ ፊት አለው።

እንግሊዝኛዬ ዝጓል ያልሽው አይመስለኝም። ቻርት የምትጽፊው በምንድን ነው? የሚጎድልሽ የቃል ብዛት አይደለም። ጥያቄ ውስጥ «በመጀመሪያ»፣ «ከሁሉ ይበልጥ»፣ «በስተቀር» የሚሉትን ትንንሽ ቃላት አለማየት ነው ሰው የሚጥለው። «ኤክሰፕት» የምትለዋን ቃል ዘልዬ አንድ ፈተና ላይ አምስት ጥያቄ አጥቻለሁ። እርሳስ ይዘሽ ክበቢባት።

ሒሳቡንም አትፍሪው። ባዮስታቲስቲክስ ሲባል ስሙ ነው የሚያስደነግጠው። ኢመርጀንሲሽ ውስጥ አምስት ሰው ሐኪም እስኪያያቸው 10፣ 12፣ 15፣ 18 እና 120 ደቂቃ ጠበቁ እንበል። አማካዩ 35 ደቂቃ ነው። ከአምስቱ ግን 35 ደቂቃ አካባቢ የጠበቀ አንድም ሰው የለም። አንዱ ተረስቶ ነው ቁጥሩን የጎተተው። በቅደም ተከተል ደርድረሽ መሀሉን ብታዪ 15 ነው፤ የእውነቱን ሁኔታ የሚነግርሽ እሱ ነው። አሁን አማካይና መሀለኛ የሚባለውን ተማርሽ። የቀረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከሩቅ አታምጪ። ተማሪዎቼ ሁሌ ከኢንተርኔት ያገኙትን የሌላ አገር ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። አንቺ የምትኖሪው ድሬ ነው! ዴንጊ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጣጥፈው አንቺ ጀማሪ ነርስ ሳትሆኚ አትቀሪም። ታካሚው ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አይተሻል። በ2022 ደግሞ ወባ ያልተለመደ ሆኖ ከፍ አለ። ተመራማሪዎች ስቴፈንሳይ ከምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይቺ ትንኝ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ከተማ ትወዳለች፣ ውሃ በተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥ ትራባለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። ድሬ ውስጥ ደግሞ ውሃ በበርሜል የማያጠራቅም ግቢ ስንት ነው? በሠፈርሽ ያሉትን ቤቶች ዙሪና ስንቱ በርሜል እንደተከደነ፣ ክዳኑ ምን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚታጠብ ቁጠሪ። በጣም ጥሩ ርዕስ ነው። ወጪውም የጫማ ብቻ ነው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ልምዴ አሳፋሪ ነው። አርብ ናይት አድሬ ቅዳሜ ጠዋት ቀጥታ ከሐረር መኪና እሳፈር ነበር። አንድ ቀን ደንገጎ ስንደርስ ሙቀቱ ሲጀምር ጃኬቴን አወለቅኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ረዳቱ ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነው፤ ድሬ መነኻሪያ፣ ሰው ሁሉ ወርዷል። ክፍል ገባሁ፣ የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የመለስኩት መልስ አይደለም፤ «ቤድ 7፣ ቫይታል ተወስዷል፣ አይቪ እየሄደ ነው» ብዬ ሃንድኦቨር (የፈረቃ ርክክብ) ጽፌያለሁ። መምህሩ ከሥሩ «ለቤድ 7 መልካም ጤንነት» ብሎ ዜሮ ሰጥቶኛል።

ስለዚህ የአርብ ናይትን ሸጠሽም ለውጠሽም አስወግጂ። እኛ አካባቢ ለዚህ የታደልን ነን። ለኢድ ለሙስሊሟ ባልደረባሽ አንቺ ትገቢላታለሽ፣ ለገናና ለፋሲካ እሷ ትገባልሻለች። ሐረር የሸዋል ኢድ ሰሞን የባልደረቦቼን ዲዩቲ ሁሉ እኔ ነበርኩ የምሸፍነው፤ በምላሹ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አርብ ማታዬ ነፃ ነበር። ግን በወረቀት ላይ አስፈርሚ፣ ሄድ ነርሷም ትወቀው። ክሊኒካል ልምምድሽ ሐረር ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19ን ካላንደርሽ ላይ አስምሪባቸው። የቁልቢ መንገደኛ ደንገጎን ሲሞላው ፈተና አለኝ ብለሽ የሚያሳልፍሽ የለም።

ለንባብ ድሬ ከሐረር የምትሻልበት አንድ ነገር አላት፤ ሙቀቷ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው በሙሉ ይተኛል፣ ልጆችም አብረው ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት እግርሽን ውሃ ውስጥ ነክረሽ አንድ ሰዓት አንብቢ፣ ሌላውን ተኚ። ሌሊት ለማንበብ ጫት ቅመሽ የሚሉሽ አሉ። ያነቃል፣ አልክድም። እንቅልፍሽን ግን ይዞት ይሄዳል። ያነበብሽው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ደግሞ ስትተኚ ነው። በበርጫ የተነበበ ፋርማኮሎጂ ጠዋት ላይ ምርቃናው ብቻ ይቀራል።

ባልሽ «ልጆቹስ?» ያለው ከክፋት አይመስለኝም። ጥያቄው መልስ ስለሚፈልግ ነው። «እንደምንም ይሆናል» የሚል መልስ ግን ማንንም አያሳምንም። የሴሚስተሩን ፕሮግራም በወረቀት አምጪለት፦ ቅዳሜ ከስንት እስከ ስንት፣ ፈተና የትኛው ሳምንት፣ አታችመንት የትኛው ወር። ከዚያ ልጆቹን ቅዳሜ ማን እንደሚይዝ አብራችሁ ጻፉ። እናትሽ? እኅቱ? ድሬ ደግሞ ልጅ የግቢው ነው፤ ከጎረቤት ጋር የምታወሪው ነገር ከሆነ አስቀድመሽ አውሪ፣ በበዓሉ ቡናዋን አትርሺ። አንድ ነገር ግን ጨክነሽ ለባልሽ ስጪው። ቅዳሜን «አግዘኝ» አትበዪው፣ ቅዳሜ የሱ ይሁን። ምሳውንም ልብሱንም እሱ ይያዘው። የእኔ ባል መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹን ሦስት ጊዜ ዳቦ በማርማላታ አብልቷቸዋል። ማንም አልሞተም። አሁን ሽሮው ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ግን አትንገሪው።

በዚህ ሳምንት የምትሠሪው ሥራ አንድ ነው። ከናይት ስትወጪ ወደ ተመረቅሽበት ኮሌጅ ሪጅስትራር ሂጂና ትራንስክሪፕትሽን ጠይቂ። ጊዜ ይወስዳል፣ ከሁሉ በፊት መጀመር ያለበት እሱ ነው። ሲሰጡሽ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆመሽ የስምሽን ፊደል ከመታወቂያሽና ከሲኦሲሽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። የእኔ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ሦስት ወር አመላልሶኛል።